መዳፍ የምታህል ገበታ

ሟቿ የተገኘችው የሥራ ጠረጴዛዋ ላይ በግንባሯ ተደፍታ ነው። ከጆሮዋ አጠገብ ሦስት ቁራሽ ዳቦ፣ አንድ የተላጠ እንቁላልና የተገመሰ አይብ ነበሩ፤ ሁሉም ተሰብስበው አንድ ሳንቲም ላይ ይሰፍራሉ።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ አፍንጫዋን በመሐረብ ያዘች። መስኮቶቹ ከተከፈቱ ግማሽ ሰዓት ቢያልፍም ክፍሉን የተቃጠለ ፕላስቲክ ጭስ ሞልቶት ነበር፤ ዓይን ይለበልባል።

«አለቃ፣ አደራዎን ምንም እንዳይቀምሱ» አላት ሳጅኑ ከኋላዋ። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው፣ ሬሳ ባለበት ካልቀለደ ሌሊቱን እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። «ያቺን ቁራሽ ዳቦ አይቼ ምራቄን ዋጥኩ። ለካ ጥርስ የምታስወልቅ ናት!»

መርማሪዋ ጓንቷን አጠለቀች። ትንሿን ነገር ሁሉ አበጥራ ስለምታይ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ወንፊት» ነው የሚሏት፤ ፊት ለፊቷ ግን እስካሁን የደፈረ የለም።

ሟቿን የሰፈሩ ሰው ሁሉ እትዬ ይላት ነበር። ሥራዋ ፖሊመር ክሌይ ከሚባለው፣ እንደ ሊጥ ከሚታሸው ባለ ቀለም ፕላስቲክ ጥፍር የሚያህል ምግብ መሥራት ነው። ክሌዩ ተሠርቶ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ በመጠነኛ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ይጠነክራል። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ግን ይጨሳል፤ ጭሱም ደረት ይይዛል። እትዬ ደግሞ አስም ነበረባት። የምድጃው ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ዞሮ ተገኝቷል፤ መስኮቶቹ ዝግ ነበሩ፤ በአፏ የምትስበው መድኃኒቷ ወዲያ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

«ምኑ ይጠናል?» አለ አዛዡ በስልክ። «ምድጃው ላይ ጥዳ የሄደችው አብራት የምትሠራው የእህቷ ልጅ ናት። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። ነገ እስከ አሥር ሰዓት ሌላ ነገር ካላመጣሽ ክሱን እፈርማለሁ።»

የእህቷ ልጅ የሰባት ወር ሕፃን እናት ናት። ያን ምሽት ጣቢያ ልታድር ነው።

መርማሪዋ ስልኩን ዘግታ የሟቿን እጆች አንድ በአንድ አነሳች። ጥፍሮቿ ሥር ጥቁር ቡናማ ክሌይ ገብቷል። በቀኝ እጇ አጠገብ ደግሞ በስኒ ቅርጽ ተጀምሮ የቀረ ነጭ ሊጥ ነበር። ነጩን ሊጥ በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

በጠረጴዛው ማዶ፣ በመስታወት ክዳን ሥር፣ መዳፍ የምታህል የተሰናዳች ገበታ አለች። ሾርባ፣ የተነከሰ ዳቦ፣ ለአራት የተቆረጠ ብርቱካን፣ አንድ ባዶ ሳህን። ተበልቶ ያላለቀ ምሳ። ግራና ቀኝ ሁለት ወንበሮች፣ አንደኛው ገና ቫርኒሽ ያልነካው።

*

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የሄዱት ምድር ቤት ወደሚኖረው ዋርሳዋ ነው። የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሬሳውን ያገኘውም እሱ። ሲያናግሩት እንኳ ራዲዮኑን አልዘጋም፤ ድምፁን ብቻ ቀነስ አደረገው።

«በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋት መቼ ነው?»

«እሑድ፣ ደረጃ ላይ። ‹እንዴት አደርክ› አለችኝ፣ ‹እግዜር ይመስገን› አልኳት። ከዚህ ያለፈ ወግ የለንም።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«አልተጣላንም። አልተዋደድንም።» ከንፈሩን መጠጠ። «ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አሻንጉሊት ስትቀልብ ትውላለች።»

«የላይኛው ቤት ቁልፍ አለዎት?»

«ቤቱ የወንድሜ ነበር። ለምን አይኖረኝም?»

«ትናንት ማን ወጣ፣ ማን ወረደ?»

«ልጅቷ ስምንት ሰዓት ላይ ወረደች፤ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች፣ አመሏ ነው። ዜና ሲጀምር ደግሞ የአሻንጉሊት ዕቃ የሚሠራላት አናጢ ወጣ። ስምንት ተኩል መሆኑ ነው። ሲወርድ የኳስ ወሬው አልቆ ሙዚቃ ገብቷል፤ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እሜቴ፣ ራዲዮ ወሬው ቢዋሽ እንኳ ሰዓቱ አይዋሽም።»

«ጭሱ ግን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አልሸተተዎትም።»

«ተኝቼ ነበር።»

«ራዲዮ እየሰሙ?»

«ካልሰማሁ አልተኛም።»

ውጭ ሲወጡ ሳጅኑ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ይሄን ሰውዬ አልወደድኩትም። ቁልፍ አለው፣ ቂም አለው፣ እንባ የለውም።»

«እርስዎ ደግሞ ማንን ወደው ያውቃሉ?»

«ምሳ የጋበዘኝን።»

*

የአናጢው ሱቅ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። ድሮ በርና መስኮት ይሠራ ነበር፤ ዓይኑና ወገቡ ሲደክሙ ለአሻንጉሊት ቤት የሚሆን ዕቃ ወደ መሥራት ዞሯል። ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ቀይ የእንጨት ብናኝ ሰፍሯል። ለመርማሪዋ ወንበር ጠርጎ አቀረበላት፤ ከሳጥን ብርቱካን አንስቶ እያወራ መላጥ ጀመረ።

«ባሏ ለእኔ ወንድም ማለት ነበር። ደረጃ ላይ ወድቆ ነው የሞተው፣ መቼም ሰምተዋል። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት፣ እሷ ጠይቃኝ እምቢ ያልኩት ነገር የለም።»

«ትናንት ምን ወሰዱላት?»

«ወንበር። ጣት የምታህል ወንበር። ስምንት ተኩል ገደማ ነው። አልተቀመጥኩም፤ በሩ ላይ ሰጥቻት ተመለስኩ። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው።»

«እሷ ምን ትሠራ ነበር?»

«ነጭ ክሌይ ታሽ ነበር፣ ለስኒ መሰለኝ። ‹ልጅቷ ምድጃው ላይ ጥዳብኝ ሄዳለች፣ አሁን አወጣዋለሁ› አለችኝ። ምነው ቆሜ ባየሁላት ኖሮ!» ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንባው የእውነት ነበር፤ መርማሪዋን ያሳሰባትም ይኸው ነው።

«ወንበሩ ለማን ነበር? ገበታው አንድ ወንበር ነበረው።»

እጁ ለአፍታ ቆም አለና ቀጠለ። «አልጠየቅኳትም። ደንበኛ ያዘዘውን መሥራት እንጂ መጠየቅ ምን ይባላል?»

ልጣጩ ከመላጊያ እንደሚወጣ ፍቅፋቂ ሳይበጠስ ተጥመልምሎ ጉልበቱ ላይ ወረደ። ከራሱ እስከ ግርጌው አንድ ወጥ ነበር። ብርቱካኑን ገምሶ ዘረጋላቸው። ሳጅኑ አመስግኖ በላ። መርማሪዋ ጥርሷን እንደሚያማት ተናገረች።

*

የሟቿ የእህት ልጅ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። የቀሚሷ ደረት በወተት ርሷል።

«ልጄ ጡጦ አይዝም» አለች፣ ሌላ ነገር ሳትጠየቅ። «ጎረቤት ነው ያደረው። እኔ ምድጃውን አጥፍቻለሁ። በልጄ እምላለሁ አጥፍቻለሁ!»

«አምኜሽ ብቻ አላስፈታሽም። ሥራችሁን አስረጂኝ። ነጭ ክሌይ የሚታሸው መቼ ነው?»

ልጅቷ ግራ ገባት። «ነጭ? ነጭማ የጠዋት ነው። እጅ ንጹሕ ሳለ ነጭ ይታሻል፤ ከዚያ ቢጫ፣ ቀይ፣ ቡናማና ጥቁር መጨረሻ። ነጭ ጉደኛ ነው፤ የሹራብ ጸጉር፣ አቧራ፣ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል። ከዋጠ ደግሞ አይተፋም። ቡናማ ይዞ ወደ ነጭ የሚመለስ የለም።»

«ትናንት ስትሄጂ ምን ቀርቷት ነበር?»

«የዳቦው ያረረ ቅርፊት ብቻ። ጥቁር ቡናማ።»

«ስኒውስ?»

«የምን ስኒ? እዚያ ገበታ ላይ ስኒ አልነበረም።»

መርማሪዋ ወደ አግዳሚው ጠጋ ብላ ተቀመጠች። «የማን ገበታ ነው?»

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ባሏ የሞተ ቀን የነበረው ነው። እሷ እናቴ ዘንድ ውላ ስትመለስ ደረጃው ሥር ወድቆ አገኘችው። ሰው ሲሰበሰብ ቤቱ እንዳይዝረከረክ ብላ የምሳውን ዕቃ በገዛ እጇ አነሳች። ያን ጊዜ ስለ ገበታው የጠየቃት የለም። ከሦስት ወር በፊት ‹ልሠራት ነው፣ አንድም ሳላጓድል› አለች። ያየችውን አትረሳም፣ አክስቴ።»

«ባዶው ሳህን ላይ ምን ነበር?»

«ባዶ? ባዶ ሳህን የለም!» ስልኳ ከተያዘው ዕቃዋ መጣላት፤ አንድ ፎቶ አውጥታ አሳየች። ትናንት ስምንት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ያነሳችው ነው። ሳህኑ ላይ ከክር የማይወፍር የብርቱካን ልጣጭ ተጥመልምሎ ተቀምጧል። «ሰባት ጊዜ ነው የሠራችው፤ ስድስቱ ተበጠሰባት። የባሏን ብርቱካን ቀድመን ሠርተን ነበር፤ እሱ ሳይልጥ በቢላ ለአራት ነበር የሚቆርጠው። ‹ልጣጭም ነበር› አለች። ሰባተኛውን ጋግራ በሙጫ ስታጣብቀው እጇ ቆመ። ‹ይሄን ማን ላጠው?› አለች። እኔን አልነበረም የጠየቀችው። በማግስቱ ለአናጢው ደውላ ሌላ ወንበር አዘዘችው።»

ሳጅኑ ሳያስበው እጁን በሱሪው ጠረገ።

*

ወደ እትዬ ሥራ ክፍል ሲመለሱ መርማሪዋ ወንበር ስባ ባዶውን ሳህን በማጉያ መነጽር አየችው። የደረቀ ሙጫ ዱካ ነበረበት፤ እንደ ቀንድ አውጣ መንገድ የተጠቀለለ። ከዚያ የምድጃውን ትሪ አስወጣች። ትሪው ላይ ያረሩ ጓሎች ነበሩ፤ ኬክ ይሁን ዳቦ የማይለይ። ወረንጦ አንስታ እያንዳንዱን ለብቻ ስትለይ አንድ ሰዓት ፈጀች። ሳጅኑ ሁለት ጊዜ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ሁለት ጊዜ ዘጋው።

በመጨረሻ ወረንጦው ቆመ። «ሳጅን፣ ሁሉንም ይጥሯቸው። ልጅቷንም ያምጧት። ሬሳውን የሚመረምረው ሐኪም ሲደውል ደግሞ የትም ብሆን ያገናኙኝ።»

ሐኪሙ የደወለው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሰዎቹ ያን ጊዜ ደረጃውን እየወጡ ነበር።

ዋርሳው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። አናጢው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ልጅቷ ከበሩ አጠገብ ከሳጅኑ ጎን ተቀመጠች። አዛዡ ሊፈርም አንድ ሰዓት ቀርቶታል።

«ነገሩን ከሐኪሙ ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «ጭስ የገደለው ሰው ጉሮሮው ይናገራል። የእትዬ ጉሮሮም ሳንባም ጭስ አልነካቸውም። ምድጃው ሲጨስ እሷ ትንፋሽ አልነበራትም።»

«ታዲያ በምን ሞተች?» አለ ዋርሳው።

«በአስሟ። ተነሳባት፤ መድኃኒቷ ግን አጠገቧ አልነበረም። አንቺ፣ አክስትሽ መድኃኒቷን የት ነበር የምታኖረው?»

«ሽርጧ ኪስ ውስጥ። ለሽንት ስትሄድ እንኳ አትለየውም።»

«የተገኘው ግን ወጥ ቤት ነው። ያን ያደረገ ሰው ምድጃውንም ከፈተ፤ ሞቷ የጭስ እንዲመስል፣ ጥፋቱም ምድጃው ላይ የጣደችው እንዲሆን። አሁን ይሄን እዩልኝ።» ከኪሷ ወረቀቱን አውጥታ ፈታችው። «ነጭ ሊጥ፣ ለስኒ የተጀመረ። አናጢው እንደነገሩኝ ሲሄዱ እትዬ ይሄን እያሸች ነበር።»

«አዎ» አለ አናጢው።

«ጥፍሯ ሥር ጥቁር ቡናማ ነበር። በዚያ እጅ ነጭ ብታሽ ነጩ ምን ይሆናል?»

«ይዝጎረጎራል» አለች ልጅቷ በዝግታ። «ቡናማ ብቻ ነው የሚሆነው።»

«እዚህ ላይ ቡናማ የለም። በማጉያ ሲታይ ግን ውስጡ ቀይ ብናኝ አለ፤ አብሮ ታሽቶ የገባ የእንጨት ብናኝ። ያሸው ሰው እትዬ ሥራ ላይ ሳለች የተለያት ሊመስል ፈልጎ ነው፤ ነጭን የመረጠውም ቀላል መስሎት። እጁ ላይ ያለው ብናኝ እንደ ሱቁ ተራግፎ የሚሄድ መሰለው።»

«እኔ በየቀኑ ዕቃ አመጣላት ነበር» አለ አናጢው፣ ድምፁ ሳይናወጥ። «ብናኜ ይሄን ቤት ሞልቶታል።»

«ይሁን። በሩ ላይ አምስት ደቂቃ ነው የቆሙት፤ ራዲዮው አርባ አምስት ይላል።»

«ሽማግሌ ተኝቶ የሰማው ራዲዮ!»

«አንተ ስትወጣ ነቅቼ ነበር» አለ ዋርሳው። «ስትወርድም። የተኛሁት ከዚያ ወዲያ ነው።»

መርማሪዋ እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ ነጭ ሳህን ጠረጴዛው መሐል አኖረች። ሳህኑ ላይ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ተጠቅልሎ የቀረ ነገር ነበር፤ ተንፍሰውበት የሚሰበር የሚመስል።

ልጅቷ ተነሳች። «ልጣጩ ነው! ሰባተኛው!»

«ከትሪው ነው ያወጣሁት። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ሳህኑ ላይ እንደነበር ፎቶሽ ይመሰክራል። ተጋግሮ፣ ተጣብቆ ያለቀ ነገር ወደ ምድጃ የሚመልስ ባለሙያ አለ?»

«ለምን ይመለሳል? ተጣብቆ እያለ?»

«ስለዚህ ፈልቅቆ እሳት ውስጥ የከተተው ካንቺ በኋላ የመጣ ሰው ነው፤ እንዲጠፋለት የፈለገ። እንጨት ሲሠራ የኖረ ሰው እሳት ያገኘው ሁሉ አመድ ይሆናል ብሎ ያምናል። ዕድሜውን ሙሉ ያየው እሱን ነው።»

«ክሌይ አመድ አይሆንም» አለች ልጅቷ። «ይጠቁራል እንጂ ቅርጹን አይለቅም።»

«አይለቅም» አለች መርማሪዋ። ወደ አናጢው ዞረች፤ ድምፇን ዝቅ አደረገች። «ያን ቀን ከባሏ ጋር ምሳ የበላ ሰው ነበር። ብርቱካኑን በአንድ ወጥ የላጠ። እትዬ ሃያ ሁለት ዓመት አላየችውም፤ በትንሹ፣ በገዛ ጣቷ ሰባት ጊዜ ስትሠራው ነው ያየችው። ወንበሩን ያዘዘችዎት እርስዎ እንዲቀመጡበት ነው።»

«በዓለም ላይ ብርቱካን የሚልጥ እኔ ብቻ ነኝ?»

«እንደዚያ አድርጎ የሚልጥ እኔ ሌላ አላየሁም» አለ ሳጅኑ ከበሩ። ቀልድ አልነበረውም። «ግማሹን በልቼልዎታለሁ።»

አናጢው ባርኔጣውን በእጁ አዞረ፣ አዞረ። ምድር ቤት ራዲዮው ብቻውን ያወራል።

«በቀልድ ነበር የጀመርነው» አለ በመጨረሻ። «በቀልድ ገፋኝ፣ በቀልድ ገፋሁት። ደረጃው ከኋላው መሆኑን ሁለታችንም ረሳን። ወርጄ አየሁት። ትንፋሽ የለውም። ሮጥኩ። ማታ ለለቅሶ ስመጣ እንደማንኛውም ሰው መጣሁ። አንድ ቀን ሳይናገሩ ካደሩ ሁለተኛው ቀን ይከብዳል… ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት ይሆናል።»

«ትናንትስ?»

«ወንበሩን አስቀመጠችና ‹ተቀመጥ እስቲ› አለችኝ። ‹እዚህ ነበርክ?› አለችኝ። አልጮኸችም። ‹አዎ› አልኩ። ያን ጊዜ ደረቷን ያዘች። መድኃኒቱን ከኪሷ ስታወጣ ከእጇ ወደቀ። አነሳሁት።» ባዶ መዳፉን ተመለከተ። «ልሰጣት ነበር። በእጄ ይዤው ነበር። እጇን ዘርግታለች… አልሰጠኋትም።»

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ምድጃውን ከፍተው ጥፋቱንስ በእሷ ላይ?» አለች መርማሪዋ፣ ልጅቷን በዓይኗ እያመለከተች። «ከተወለደች ጀምሮ ያውቋታል።»

ሳጅኑ የአናጢውን ክንድ ይዞ ሲያስነሳው እንደ ልጅ ታዘዘ። ደረጃው ጋ ሲደርሱ አናጢው የደረጃውን ብረት በሁለት እጁ ይዞ፣ እግሩን እየፈለገ ወረደ።

መርማሪዋ ለአዛዡ ደወለች። «አይፈርሙት» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ለልጅቷ ስልኳን መለሰችላትና «ሂጂ፣ ልጅሽን አጥቢ» አለቻት።

ልጅቷ ግን በሩ ላይ ቆማ ቀረች፤ ዋርሳው መንገድ ዘግቶባት ነበር። ሽማግሌው ከግድግዳው ተላቆ በሩ መሐል ቆሟል፤ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አላወቀም።

«በየዓመቱ፣ በሙት ዓመቱ ቀን እነግራት ነበር» አለ። «‹ቤትሽ ብትውዪ ኖሮ ወንድሜ አይሞትም ነበር› እላት ነበር። ሃያ ሁለት ጊዜ። ፊቴን ሳልመልስ። አንድ ቀን መልሳልኝ አታውቅም።» ወደ ልጅቷ ቀና አለ። «ለአንቺስ? ስለኔ ምን ትልሽ ነበር?»

ልጅቷ ብዙ አሰበች። ልትዋሽለት ፈልጋ እንደነበር መርማሪዋ አየች፤ ግን አልቻለችም።

«‹እውነቱን ነው› ትል ነበር፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፣ እንደገና ነቀነቀ። ከዚያ ከበሩ ዘወር ብሎ አሳለፋት። ልጅቷ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደች።